የእሑድ በረኛ

ዓሣ ነው ሥራዬ፤ ሆዱን እቀዳለሁ፣
ቅዳሜ ሲደርስ ግን ሜዳ እወርዳለሁ።
አባቴ ያወረሰኝ አንድ ወንበር አለ፣
ብረቱ እየዛገ ጣውላው የቆሰለ።
ከዚያ ሆኜ ነው ቶርክዊልን ያየሁት፣
ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ሦስት ዓመት ያመንሁት።

ከምዕራብ ደሴቶች የመጣ ረጅም ሰው፣
ወሬ የማያበዛ፣ ሣቅ የማይደርሰው።
ኳስ ስትመጣ ግን ጣቱ ዐይን ያበቅላል፣
ከላይኛው ማዕዘን መንጭቆ ይጥላል።
ከፊሽካው በፊት ጨፍኖ ከንፈሩን ሲያነቃንቅ፣
«ገድ ነው» እንል ነበር፤ ማን ምን ብሎ ይጠይቅ?
ሲፈርም ነግሮናል፤ ውሉም ላይ ሰፍሯል፦
«እሑድ የጌታ ነው፤ እሑድ እጄ ያርፋል።»
ማን አነበበው? ማንስ ጆሮ ሰጠው?
እኛ የምናውቀው ኳስ መያዙን ነው።

ከዚያ ክፉ ቀን መጣ። የማደጊያው ጨዋታ፣
ቴሌቪዥን ፈልጎት ተዛወረ ለእሑድ ማታ።
እርሱም ጓንቱን አጥፎ ለአሠልጣኙ ሰጠ፣
ማልዶ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ተቀመጠ።
ፊንሌይን አቆሙት፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣
ሰፊው ጓንት ውስጥ የጠፋበት እጅ።
ሁለት ገባብን። በእግሩ መካከል አንዷ፣
አንዷ ደግሞ ዝም ብላ፣ በገዛ መንገዷ።

ከዚያማ ምን ልበል? መጠጥ ቤቱ ነደደ፣
ዱጋል በእምነቱ ላይ ስድቡን አወረደ፦
«አምላኩ ነው እኮ ያሸነፈን! ለምን
ሌላ ቀን አይጸልይም? ስድስት ቀን አንሶት ይሆን?»
እኔም ጮኽሁ፤ አልዋሽም። ቤቴም ገብቼ ማታ፣
የዓሣውን ቢላ ይዤ፣ ሳልቆም ለአንዳፍታ፣
ከመለያዬ ጀርባ ስሙን ፊደል በፊደል
ገፈፍሁት እንደ ቅርፊት፣ እንደ ዕዳ፣ እንደ በደል።
አንድ ቁጥር ብቻ ቀረ።

ሌሊት ትዝ አለኝ ራምሴ፣ አጥቂያችን፣
ሃያ ሁለት ጎሉ፣ ደስታችን፣ መኩሪያችን።
ሚስቱን ደብድቦ ፍርድ ቤት የቆመ ለት
ምን ብለን ነበር? «የግል ኑሮው ነው፤ ተዉት!»
በሳምንቱ ሲያገባ ስሙን ዘመርንለት።
እርሷስ የት ነበረች? ማን ጠየቀላት?
እጅ ጥፋት ሲሠራ ያልጠየቅን ሰዎች
እጅ ሲያርፍ ጠየቅን።

ግን ዱጋልም ሐሰት የለው፤ ትኬቱን ከፍሏል፣
ልጁ በሕልሙ ሁሉ ዋንጫ ይዞ ያድራል።
የገዛነው ምንድን ነው? ጥንድ እጅ? ወይስ ሰው?
እጅ ያለ ጌታው ቢመጣ፣ ጓንቱን ማን ሊለብሰው?
እንዲህ ስል ነጋብኝ፤ መልስም አላገኘሁ።

ሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ከፋብሪካው በር፣
ኮቱ ካፊያ ጠጥቶ ቶርክዊል ቆሞ ነበር።
ፊንሌይ ሳጥን ያወርዳል፣ ከእናቱ ጋር ሊሠራ
አንገቱን ደፍቶ መጣ፣ የሰው ዐይን እየፈራ።
«ሁለተኛዋን» አለው ቶርክዊል፣ «እኔም አልይዛትም።»
ውሸቱን ነው! ይይዛት ነበር፤
በዚህች ከተማ ይህን የማያውቅ የለም።
ሰንበት ያልሻረው ሰው ሰኞ ማለዳ ዋሸለት፣
አንዱን ሳጥን ከጫንቃው ተቀብሎ አወረደለት።

ተጠጋሁና እጄን ሰጠሁት፤ ሳልታጠብ፣ እንዳለሁ።
«አልቆጨህም?» አልሁት። ምን ሌላ እላለሁ?
«አልተኛሁም» አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረ፣
ከእጄ የነበረ ቅርፊት መዳፉ ላይ ቀረ።

ስሙን መልሶ ማሳተም ስንት እንደሆነ ጠየቅሁ፤
ዘጠኝ ፓውንድ አሉኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ።
እቤት ስገባ ግን፣ ቀድሜ፣ ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ፣
የመጪውን ዓመት መርሐ ግብር ዘርግቼ
እሑዶቹን ቆጠርሁ።
አራት ናቸው።